አስታጋሾቹ ሴሎች ካንሰሩን ይመልሱታልን? ስለ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ለተሰራጨው ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በሰፊው የተሰራጨ፣ ሕሙማን ተቆጣጣሪ ቲ ሴል በሚሰጥበት የሕክምና ሙከራ ላይ እንዳይሳተፉ የሚመክር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ለእኔም ከአምስት የተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። ከላኩልኝ መካከል አንዷ ወንድሟ በደም ካንሰር ታሞ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተራውን የሚጠብቅ እኅት ስትሆን፣ ከጽሑፉ ግርጌ «ታዲያ እምቢ እንበላቸው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፋበታለች። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝ የእርሷ ጥያቄ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የምሠራው በውጭ አገር፣ ከለጋሾች የተወሰዱ ሴሎች ለሕሙማን ከመሰጠታቸው በፊት ተለይተው፣ ተቆጥረውና ተመርምረው በሚዘጋጁበት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ጽሑፉ የሚናገርባቸውን ሴሎች በእጄ ይዤ አውቃቸዋለሁ።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ መነሻውን ላስቀምጥ። በሉኪሚያ የታመመ ሰው የሌላ ሰው መቅኒ ሲሰጠው አዲሱ መቅኒ ብቻውን አይመጣም፤ ቲ ሴሎች የሚባሉት የለጋሹ የመከላከያ ሴሎች አብረውት ይገባሉ። እነዚህ ሴሎች ከኬሞቴራፒ ያመለጠውን የካንሰር ርዝራዥ እያደኑ ስለሚገድሉ የንቅለ ተከላው ትልቁ ጥቅም በእነርሱ ላይ የቆመ ነው። ችግሩ የተቀባዩን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበትም እንደ ባዳ ቆጥረው ማጥቃታቸው ነው። ይህ ሕመም በምኅጻረ ቃል ጂቪኤችዲ ይባላል። አጣዳፊው ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት በሽፍታ፣ በብርቱ ተቅማጥና በጉበት መታወክ ይገለጣል፤ ሥር የሰደደው ደግሞ ዘግይቶ መጥቶ ለዓመታት አብሮ ይኖራል።

ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች፣ በባለሙያዎች አጠራር ትሬጎች፣ ከዚያው ከቲ ሴሎች ወገን ሆነው ሥራቸው ግን ማጥቃት ሳይሆን አጥቂዎቹን ማስታገስ ነው። በደማችን ውስጥ «ረዳት» ከሚባሉት ቲ ሴሎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማንነታቸውን አሳየ፤ ሜሪ ብረንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን፣ ትሬጎች ያለ እርሱ የማይሠሩበትን ዘረመል አገኙ፤ ሦስቱም በ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ሕክምናው እንግዲህ እነዚህን ሴሎች ከለጋሹ ደም ነጥሎ፣ አጥቂዎቹ ቲ ሴሎች ከመሰጠታቸው ቀደም ብሎ ለሕመምተኛው መስጠት ነው።

የተሰራጨው ጽሑፍ ይህን ሕክምና በአምስት ነጥቦች ይቃወማል። የመጀመሪያው፣ የመከላከያ ኃይልን የሚያስታግስ ሴል ለካንሰር ሕመምተኛ መስጠት ካንሰሩን በገዛ እጅ መጥራት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማስረጃው ሁሉ ከአይጥ የመጣ ወይም በጥቂት ሰዎች ላይ ያለ ማወዳደሪያ የተሠራ ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ያንኑ ሥራ ስለሚሠራ ሴሎቹ አያስፈልጉም የሚል ነው። አራተኛው በ2006 ለንደን ውስጥ በስድስት ጤነኛ ሰዎች ላይ የደረሰውን አደጋ እየጠቀሰ ያስጠነቅቃል። አምስተኛው ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት እንጂ ሐበሻን የሚመለከት ጉዳይ አይደለም ይልና፣ በመጨረሻ ሕሙማን በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ላይ እንዲሳተፉ ሲጠየቁ «አይሆንም» እንዲሉ ይመክራል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ሕሙማን የሙከራ ዕቃ እንዳይሆኑ መጨነቃቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ያነሷቸው ነጥቦችም ከእውነት ፈጽመው የራቁ አይደሉም። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፤ ሰውን ሊጎዳ የሚችል ስሕተት።

የመጀመሪያውን ነጥብ በሰፊው ማየት አለብን፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ያነሡት ሥጋት ታሪካዊ መሠረት አለው። በ1980ዎቹ ሐኪሞች ጂቪኤችዲን ለማስቀረት ሲሉ ቲ ሴሎችን ከለጋሹ መቅኒ ውስጥ አጥበው ማውጣት ጀምረው ነበር። እንዳሰቡትም ሕመሙ ቀነሰ፤ ነገር ግን የተተከለው መቅኒ ሳይጸና የሚቀርበት ጊዜ በዛ፤ ሉኪሚያው፣ በተለይ ሥር የሰደደው የማይሎይድ ዓይነት፣ ከቀድሞው ይበልጥ ያገረሽ ጀመር። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆነ መንትያ የሚወሰድ መቅኒም ጂቪኤችዲን ባያስነሳም፣ ከሌላ ወንድም ወይም እኅት ከተወሰደው ይልቅ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ባዕድ ቲ ሴል ያቃጥላል፣ ካንሰርንም ያቃጥላል። ጸሐፊው «እሳቱን ካጠፋችሁት ሁለቱንም ታጣላችሁ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው።

ነገር ግን ትሬግ መስጠት ቲ ሴልን አጥቦ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በጣሊያን የፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የተከተሉትን መንገድ ብንመለከት፣ ለሕመምተኛው በቅድሚያ በየኪሎው 2 ሚሊዮን ያህል ትሬጎች ይሰጡታል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ አዲስ ደም የሚያመነጩት ግንደ ሴሎቹና በየኪሎው 1 ሚሊዮን ያህል ተራ፣ ማለትም አጥቂ፣ ቲ ሴሎች ይከተላሉ። ለጋሾቹ ከሕመምተኛው ጋር የሚመሳሰሉት በግማሽ ብቻ ነው፤ በዚያ ማዕከል አሠራር በእንዲህ ዓይነት ተከላ ላይ ቀድሞ አንድም አጥቂ ቲ ሴል ላለመስጠት ይጥሩ ነበር። ትሬጎቹ ያስቻሉት ነገር እነዚያን ካንሰር ገዳዮች መልሶ መስጠትን ነው። በዚህ ላይ ከተከላው በኋላ የመከላከያ ኃይልን የሚያፍን መድኃኒት አልተሰጠም፤ ታክሮሊመስም ቢሆን፣ ሜቶትሬክሴትም ቢሆን። ጸሐፊው ይህን ቢያስተውሉት ኖሮ የገዛ መከራከሪያቸው ወዴት እንደሚወስዳቸው ያዩት ነበር። ታክሮሊመስን በየቀኑ ለወራት መዋጥ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቲ ሴል ሁሉ፣ ካንሰር አዳኙንም ጭምር፣ ያለ ልዩነት ያደነዝዛል። «የሚያስታግስ ነገር ካንሰርን ይጠራል» የሚለው ሕግ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚከሰሰው ጸሐፊው «የታመነው ሕክምና» ብለው ያቆሙት መደበኛው አሠራር ነው።

ውጤቱስ? የፔሩጃ ቡድን በ2014 ያሳተመው ጽሑፍ 43 ከፍተኛ የማገርሸት ሥጋት ያለባቸው የሉኪሚያ ሕሙማንን የተከታተለ ሲሆን፣ የማገርሸቱ መጠን 5 በመቶ ብቻ ነበር። በ2021 ደግሞ 50 አጣዳፊ የማይሎይድ ሉኪሚያ ያለባቸው ሰዎች ውጤት ታተመ፤ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። መካከለኛ ወይም ብርቱ የሆነ ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ካንሰሩ የሚጠራ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ሕሙማን ላይ መጀመሪያ በታየ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ያስደስተኛል። መልሱ በቦታና በጊዜ ላይ ነው። ጂቪኤችዲ የሚጀምረው በንፍፊቶችና በአንጀት አካባቢ ነው፤ አጥቂዎቹ እዚያ የተቀባዩን ሕብረ ሕዋስ ምልክት ያዩና መባዛት ይጀምራሉ። ቀድመው የተሰጡት ትሬጎች እዚያው ስፍራ ሰፍረው ስለሚጠብቁ ያን የመጀመሪያ መባዛት ያበርዱታል። ሉኪሚያው የተደበቀው ግን በመቅኒ ውስጥ ነው። የፔሩጃ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ የተሰጡት ትሬጎች ወደ መቅኒ እምብዛም እንደማይሄዱ አይተዋል፤ ስለዚህ አጥቂዎቹ እዚያ ያለ ከልካይ ሥራቸውን ይሠራሉ። ጸሐፊው «ፖሊሱን አስሮ ሌባውን መልቀቅ» ብለው በምሳሌ አስቀምጠውታል። እኔ በዚያው ምሳሌ ልመልስላቸው፦ ፖሊሱ አልታሰረም፤ ከመኖሪያ ሰፈር ወጥቶ ሌባው ወዳለበት ጫካ እንዲሄድ ተደረገ እንጂ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው የአይጥ ጥናቶችን እንደ ነውር መጥቀሳቸው ትክክል አይመስለኝም። በስታንፎርድና በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች በ2002 የታተሙት የአይጥ ሙከራዎች ባይኖሩ ወደ ሰው የሚወስድ መንገድ አይኖርም ነበር። ከዚያም በላይ ተፈጥሮ ራሷ በሰው ልጅ ላይ ያሳየችው ማስረጃ አለ። ፎክስፒ3 ዘረመላቸው ተበላሽቶ የሚወለዱ ጥቂት ወንዶች ሕፃናት አሉ፤ ሕመሙ አይፔክስ ይባላል። የሚሠሩ ትሬጎች ስለሌሏቸው ገና በጨቅላነታቸው አንጀታቸው ተቃጥሎ በተቅማጥ ይሟሽሻሉ፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። የአንድን አይፔክስ ሕፃን አንጀትና ቆዳ ያየ ሰው በአጣዳፊ ጂቪኤችዲ ከተያዘ ሕመምተኛ ጋር የሚያመሳስለውን ነገር ወዲያው ያስተውላል።

«ያለ ማወዳደሪያ» የሚለው ቅሬታ ግን ከ2011 ጽሑፎች ጋር ሲታይ ተገቢ ነው። በሚኒሶታ ከእትብት ደም ተወስደው እንዲባዙ የተደረጉ ትሬጎች የተሰጧቸው 23 ሰዎች የተወዳደሩት ቀደም ሲል ከታከሙ ሰዎች ጋር ነው፤ አጣዳፊው ጂቪኤችዲ ከደረጃ 2 እስከ 4 የታየው በ43 በመቶዎቹ ሲሆን በቀድሞዎቹ 61 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለው ንጽጽር ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ጽሑፋቸው በ2011 ላይ ቆሞ ቀርቷል። በ2025 የጸደይ ወራት ፕሪሲዥን-ቲ የተባለው የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ውጤት ይፋ ሆኗል። በዚህ ሙከራ 187 የደም ካንሰር ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ኦርካ-ቲ የተባለውን፣ ማለትም ግንደ ሴሎችንና ትሬጎችን አስቀድሞ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተራ ቲ ሴሎችን የሚያስከትለውን ዝግጅት፣ ከታክሮሊመስ ጋር ወሰደ፤ ሌላው ወገን የተለመደውን ተከላ ከታክሮሊመስና ከሜቶትሬክሴት ጋር ወሰደ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉና መካከለኛ ወይም ብርቱ ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ ያልያዛቸው ሰዎች በመጀመሪያው ወገን 78 በመቶ፣ በሁለተኛው 38.4 በመቶ ነበሩ። ይህ በዕጣ የተከፈለ ማወዳደሪያ ነው፤ ልዩነቱም በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባል። በዚያው ሙከራ በአንድ ዓመት በሕይወት የተገኙት 93.9 በመቶ ከ83.1 በመቶ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደስት ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ልዩነት በስታቲስቲክስ መመዘኛ አልጸናም። ስለዚህ «ትሬግ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ ተረጋግጧል» የሚል ሰው ካለ ጸሐፊው ሊገሥጹት ይችላሉ፤ እኔም አብሬ እገሥጸዋለሁ። ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲን ማስቀረት ራሱ ግን ትንሽ ነገር ተደርጎ መቅረቡ አሳዝኖኛል። ጽሑፉ «ቢበዛ የቆዳ ማሳከክን ይቀንሳል» ይላልና።

በምኖርበት ከተማ ባለው የሐበሻ ማኅበረሰብ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት ከሉኪሚያቸው ከዳኑ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካንሰሩ የለም። ነገር ግን የአፋቸው ውስጥ በነጭ ሐረግ የተሸፈነና የቆሰለ ስለሆነ በርበሬ የነካው ነገር አይቀምሱም፤ በፋሲካ ለልጆቻቸው ዶሮ ወጥ ይሠሩና ጨው መጠኑን ልጃቸው ቀምሳ ትነግራቸዋለች። ዓይናቸው እንባ ማመንጨት ስላቆመ በየሰዓቱ ጠብታ ያደርጋሉ። የክንዳቸው ቆዳ እንደ ደረቀ ቁርበት ተወጥሮ ስለጠነከረ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ማድረግ አይችሉም፤ ሰው ያለብሳቸዋል። ለዓመታት የወሰዱት ስቴሮይድ ደግሞ የዳሌ አጥንታቸውን ጎድቶታል። ሥር የሰደደ ጂቪኤችዲ ማለት ይህ ነው። ከ44 በመቶ ወደ 12.6 በመቶ ወረደ ሲባል፣ በፕሪሲዥን-ቲ እንደታየው፣ ከየመቶው ሕመምተኛ ሠላሳ ያህሉ እንዲህ ካለው ኑሮ በመጀመሪያው ዓመት ተረፉ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ከተከላው በኋላ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሲሰጥ ጂቪኤችዲን በእጅጉ ይቀንሳል። ይህን ዘዴ ያዳበሩት የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ናቸው። በ2023 በታተመ 431 ሰዎች በተሳተፉበት በዕጣ የተከፈለ ሙከራ፣ በአንድ ዓመት ከብርቱ ጂቪኤችዲና ከማገርሸት ነፃ ሆነው የኖሩት በሳይክሎፎስፋማይዱ ወገን 52.7 በመቶ፣ በቀድሞው ሕክምና ወገን 34.9 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በየትኛውም የካንሰር ክፍል መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ኦርካ-ቲ ከዚህ ዘዴ ጋር ሳይሆን ከቀድሞው ጋር መወዳደሩም እውነተኛ ክፍተት ነው። ጸሐፊው «ከደካማው ጋር ታግሎ አሸነፈ» ያሉት አነጋገር ጠንከር ያለ ቢሆንም ፍሬ ነገሩን አልክድም። የ2023ቱን 52.7 ከ2025ቱ 78 ጋር አስተያይቶ አሸናፊ ማወጅም አይቻልም፤ የተሳተፉት ሕሙማን፣ የተሰጣቸው ኬሞቴራፒና የተለካው ነገር ይለያያሉ።

ይሁን እንጂ «መድኃኒቱ ስላለ ሴሎቹ አያስፈልጉም» የሚለው ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም። ሳይክሎፎስፋማይድ እንዴት እንደሚሠራ የመረመሩ ሰዎች ያገኙትን ነገር ጸሐፊው አልጠቀሱትም። ትሬጎች ይህን መድኃኒት የሚሰባብር ኤንዛይም ከሌሎቹ ቲ ሴሎች አብልጠው ስለሚያመነጩ ከጥቃቱ ይተርፋሉ፤ በአይጦች ላይ ደግሞ ትሬጎቹ ሆን ተብለው እንዲጠፉ ሲደረግ መድኃኒቱ የሚሰጠው ጥበቃ አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ጸሐፊው በትሬግ ላይ የጠሩት ምስክር ራሱ ለትሬግ የሚመሰክር ነው። ርካሹ መድኃኒት የሚሠራው አንድም አጥቂዎቹን በመቀነስ፣ አንድም አስታጋሾቹ ሜዳውን እንዲይዙ በማድረግ ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ የአዲሱን መቅኒ መያዝ ያዘገያል፣ ፊኛን ሊያደማ፣ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። ልቡ የደከመ ሕመምተኛ ያለው ሐኪም ሌላ መንገድ ቢፈልግ ቅንጦት አይባልም።

በለንደን የደረሰውን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። ማርች 13 ቀን 2006 በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በነበረ የሙከራ ክፍል ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ አካል በደም ሥራቸው ተሰጣቸው፤ ሰዓታት ሳይሞላ ሰውነታቸው በብርቱ ቁጣ ተናወጠ፣ ለፅኑ ሕሙማን ክፍልም ተዳረጉ፤ ሁሉም ግን ተረፉ። መድኃኒቱ በእንስሳት ላይ ትሬጎችን ያበዛ እንደነበረ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ያገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ያ ንጥረ ነገር የሰውን ቲ ሴል ሁሉ፣ አጥቂውንም አስታጋሹንም፣ በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ ነበር። እዚህ የምንናገረው ከለጋሽ ደም ተለይተው ስለወጡ ሴሎች ነው። በሚኒሶታው የመጀመሪያ ሙከራ ሴሎቹ ሲሰጡ መጠኑን እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ጉዳት አልታየም። ሥጋት መፈለግ ከተፈለገ ከዚያ ይልቅ ወደ ኢንፌክሽን ማየት ይሻል ነበር፦ እዚያው ሚኒሶታ ትሬግ በወሰዱት ላይ በመጀመሪያው ወር የቫይረስ መቀስቀስ በዝቶ ታይቷል፤ ከፔሩጃዎቹ 50 ሕሙማን መካከልም አሥሩ ከካንሰሩ ሌላ በሆነ ምክንያት ሞተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው፤ ከለንደኑ ታሪክ ይልቅ ለሕሙማን የሚጠቅሙት ግን እነርሱ ነበሩ።

ከዚሁ ጋር አያይዘው ጸሐፊው «ሴሎቹ ጠባያቸውን ቀይረው አጥቂ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በላቦራቶሪ ማን ይቆጣጠራል?» ብለዋል። የምቆጣጠር እኔና ባልደረቦቼ ስለሆንን ይህን ልመልስ። የለጋሹ ደም በማሽን ተጣርቶ የነጭ ደም ሴሎቹ ከረጢት ሲደርሰን ደፈርስ ያለ ቀይ ነው። በቅድሚያ የማንፈልጋቸውን እናወጣለን፤ ከዚያም ሲዲ25 የተባለውን ምልክት የሚይዙ፣ ጥቃቅን የብረት ቅንጣት የተለጠፈባቸው ፀረ አካሎች ጨምረን በማግኔት ውስጥ እናሳልፈዋለን። ሌላው ሁሉ ወርዶ ሲፈስ ትሬጎቹ ማግኔቱ ላይ ይቀራሉ። በመጨረሻ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው የሩዝ እጣቢ የመሰለ ጥቂት ፈሳሽ ነው፤ ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው ሲያንቀሳቅሱት ሴሎቹ እንደ ጭስ ይዞራሉ። ከዚያ ናሙና ተወስዶ ስንቱ በእርግጥ ፎክስፒ3 እንዳለው፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ጀርም እንደሌለበት ይመረመራል፤ መመዘኛውን ካላሟላ ለሕመምተኛው አይሄድም። ንጽሕናው መቶ በመቶ ነው አልልም። ሴሎቹም ስሶች ናቸው፤ በስታንፎርድ በ12 ሕሙማን ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት በበረዶ ተቀምጠው የቆዩ ትሬጎች ከተሰጧቸው 5 ሰዎች ሁለቱ ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በላይ ጂቪኤችዲ ሲይዛቸው፣ ትኩሱን ከወሰዱት 7 ሰዎች አንዱም አልያዘውም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ኦርካ-ቲ ሳይቀዘቅዝ፣ ሴሎቹ ከለጋሹ በተወሰዱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሕመምተኛው እንዲደርስ ተደርጎ መቀረጹ ከዚህ ጋር ይስማማል። እኛም ዘንድ የቀዘቀዘ ግንደ ሴል ሲሰጥ በማቀዝቀዣው ኬሚካል ምክንያት ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ትኩስ ትሬግ ሲሰጥ ምንም ሽታ የለም፣ ነርሷ ግን ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«ሐበሻን አይመለከትም» የሚለውን አምስተኛ ነጥብ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ፤ የላከችልኝ እኅት ሐበሻ ናትና። ጸሐፊው በአገር ቤት ላለ ሕመምተኛ ይህ ሕክምና ዛሬ ሩቅ ነው ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። በ72 ሰዓት ውስጥ መድረስ ያለበት ሕያው ሴል እንደ ክኒን በካርቶን ታሽጎ አይላክም፤ ዋጋውም ከባድ ነው። በአገር ቤት ንቅለ ተከላ ለመጀመር ለሚደክሙ ባለሙያዎችም ሳይክሎፎስፋማይድ የተሻለ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖረው ወገናችንስ?

በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት የአሜሪካን የለጋሾች መዝገብ መርምሮ እንዳሳየው፣ የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነጭ ሰው ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ሲሆን የአፍሪካዊ ዕድል 18 በመቶ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች መካከል ሙሉ መመሳሰል የሚገኘው ከአራት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሐበሻ የሚቀረው ለጋሽ በግማሽ የሚመሳሰል እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ተከላ ደግሞ ቲ ሴሎቹ የሚያዩት ባዳነት የበለጠ ስለሆነ ጠንካራ ጥበቃ የግድ ነው። የፔሩጃ ሐኪሞች ለዓመታት የሠሩት በትክክል በግማሽ በሚመሳሰሉ ለጋሾች ላይ ነው። ይህ ጉዳይ ለአንድ ወገን ከሌላው ይበልጥ ይቀርባል ከተባለ፣ የሚቀርበው በመዝገቡ ውስጥ አምሳያ ለማያገኘው ነው። «ውድ ስለሆነ የእኛ አይደለም» ማለትም ሁልጊዜ አያዛልቅም፦ ኢማቲኒብ በ2001 ሲፈቀድ ዋጋው ለአገራችን ሕመምተኛ የማይታሰብ ነበር፤ ይሁንና በልገሳ ፕሮግራም አማካይነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ያለባቸው ሰዎች በነፃ ሲወስዱት ኖረዋል።

የቀረው ጸሐፊው ለሕሙማን የሰጡት ምክር ነው። በሙከራ ላይ አለመሳተፍ የማንም ሙሉ መብት ነው፤ «አይሆንም» ያለ ሰው ከመደበኛው ሕክምና አይጎድልበትም፣ ምክንያት እንዲሰጥም አይገደድም። ነገር ግን ካንሰሩ ይመለሳል ብሎ ፈርቶ እምቢ ያለ ሰው ማስረጃው በማይደግፈው ምክንያት እምቢ ብሏል። ለዚያች እኅት እሺ በሉም እምቢ በሉም አላልኳትም፤ ወንድሟን የማውቀው በስልክ ድምፁ ብቻ ነው፣ የልቡንም የኩላሊቱንም ውጤት አላየሁም። በምትኩ ሐኪሙን የሚጠይቁትን ጻፍኩላት። ለጋሹ ማን ነው፣ መመሳሰሉ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? ከተከላው በፊት የሚሰጠው ኬሞቴራፒ መቅኒውን ጨርሶ የሚያጠፋው ዓይነት ነው? በዕጣው ሌላኛው ወገን ቢደርሰው ጂቪኤችዲን ለመከላከል የሚሰጠው ምንድን ነው፣ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው ወይስ ሜቶትሬክሴት? ሴሎቹ የት ይዘጋጃሉ፣ በስንት ሰዓት ይደርሳሉ፣ ከለጋሹ በቂ ትሬግ ባይገኝስ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያው ወር ቫይረስ እንዳይቀሰቀስ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ደሙ ይመረመራል?

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ጥያቄዎቹን በቀጠሮው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ገልብጣቸዋለች፤ ቀጠሯቸው ሐሙስ ጠዋት ነው።